«ልማት እንግዳ ነው» ያለውን ሰው ፍለጋ

ሰበታ ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «አበው እንዳሉት» ብሎ መናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ድንኳኑን በዓይኑ ይቃኛል። መምህር ገብረየስ ካሉ ነገሩን ዋጥ አድርጎ ስለ ዝናቡ ያወራል። ሳያያቸው ከጀመረ ግን አለቀለት። መምህር ጉሮሯቸውን ጠርገው «የትኞቹ አበው?» ይላሉ። ሟች ይረሳል፤ ሐዘንተኛው እንባውን እንደያዘ ይቀራል፤ ተናጋሪው ላብ በላብ ሆኖ አበውን በየስማቸው ሲፈልግ ያመሻል።

ለሰው ክፉ አስበው አይደለም። ዕድር አያስቀሩም፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ጥቅስ ሲሰሙ ብቻ አንድ ነገር ይነካቸዋል። በወጣትነታቸው ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ እዚሁ አግብተው ወልደው፣ በርዕሰ መምህርነት ጡረታ ወጥተዋል። ርዕሰ መምህር ሆነው የተሾሙ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራቸው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ማስቀባት ነበር። የዓለም ታላላቅ ሰዎች ስለ ትምህርት ተናገሩት የተባለው ሁሉ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ነበርና «ይህን ያለው ይህ ሰው ለመሆኑ ማስረጃ የለም» ብለው በኖራ አስጠፉት። በቦታው «ጥቅሱ በመጣራት ላይ ነው» የሚል አስጻፉበት። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ሲጣራ ኖረ። ተማሪዎቹም የቤት ሥራ የት አለ ሲባሉ «በመጣራት ላይ ነው» እያሉ ተመረቁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚል ስቲከር አዩ። ከሥሩ የአንድ የግሪክ ፈላስፋ ስም ተጽፏል። ዓለም ገና ላይ መኪናውን አስቆሙና «ይህን ግሪክ አላለውም። እኔ የሰማሁት ከእናቴ አክስት ነው» አሉ። ረዳቱ «ፋዘር፣ የአክስትየዋን ስም ይንገሩኝና እሱን እለጥፋለሁ» አላቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ መምህር ግን የአክስትየዋን ስም ከነአባቷ ነገሩት። ጎረቤታቸው ኦቦ ዲሪባ ይህን ሲሰሙ «እኛም በኦሮምኛ እንለዋለን፤ ከአክስትዎ በፊት» አሏቸው። መምህር ክረምቱን ሙሉ ሲያጣሩ ከረሙና አባባሉ ከሁለቱም ይቀድማል የሚል ውሳኔ ሰጡ። ከሁለቱም ወገን ያመሰገናቸው አልተገኘም።

የራሳቸውም አባባል አላቸው። «ባለቤት የሌለው ቃል ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ባለቤታቸው ይህን ያሉት የእሷ አባት መሆናቸውን፣ መምህርም ሊያጯት በመጡ ጊዜ ሰምተው እንደወሰዱት ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ይህችን አንዷን መምህር እስካሁን አላጣሯትም።

እንግዲህ ድንቅቱ ኢቲቻ ከፋሲካ በኋላ ደጃቸው ድረስ መጥታ የለመነቻቸው እኚህን ሰው ነው።

ድንቅቱ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ወተትና ቅቤ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አባቷ ኦቦ ኢቲቻ ጨዋታ የማያበዙ፣ ጤፍ አምራች ሽማግሌ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ከቀበሌያቸው ውጪ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ከሞቱ በኋላ ግን በከተማው የእሳቸውን ያህል ዝነኛ የለም። ከአስፋልቱ ዳር በቆመው ቢልቦርድ ላይ ጋቢ ለብሰው፣ ጭራ ይዘው ይታያሉ። ከጎናቸው በወፍራም ፊደል «ልማት እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቦታ ይለቀቅለታል» ይላል። አባባሉ ቲሸርት ላይ አለ፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ አለ። ስብሰባ የሚከፈተው በእሱ ነው፤ አበል የሚበላውም ከእሱ በኋላ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው ይባላል። የቀበሌው ገበሬ መሬቱን ለልማት እንዲለቅ አዳራሽ በተጠራ ጊዜ ኦቦ ኢቲቻ ተነስተው ይህን ተናገሩ፤ ሰውም በንግግራቸው ተረትቶ ፈረመ። እንግዳው መጣ። ገሚሱን መሬት አጥሮ ፋብሪካ ተከለበት፤ ገሚሱን አጥሮ ሄደ። በአጥሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ሣር ይበቅላል፤ ሣሩንም ለቀድሞ ባለመሬቶች የሚሸጥላቸው ዘበኛው ነው። ገበሬው ካሳውን በልቶ ሲጨርስ የሚወቅሰው ሰው ፈለገ። ቀና ቢል ቢልቦርዱ ላይ ኦቦ ኢቲቻ ጭራ ይዘው ያዩታል።

ስለዚህ የድንቅቱ ልጅ ሞቲ የኦቦ ባጫን ልጅ ጂቱን ወዶ ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ ኦቦ ባጫ «የዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ? መሬቴን ያስፈረመኝ ቤት ልጄንም ሊወስድ?» ብለው ሽማግሌዎቹን ከቆሙበት መለሷቸው። ሽማግሌ አንዴ ቢመለስ ወጉ ነው፣ ደግሞ ይሄዳል። በሁለተኛውም በዚያው ምክንያት ከተመለሰ ግን ነገሩ አበቃ።

«መምህር» አለች ድንቅቱ በር ላይ ቆማ፣ «አባቴ ይህን ነገር አላሉትም። ያጣሩልኝ። ኦቦ ባጫ ሰርጉ ይቅር ካሉ ይቅር፤ የአባቴ ስም ግን ይጥራልኝ። ሰው ፊት አንዴ ይነገርልኝ።»

«ማለትና አለማለት በስሜት አይወሰንም ልጄ» አሏት መምህር፣ እንደ ተማሪ። ገብታ ቁጭ እንድትል እንኳ አልጋበዟትም። ኮታቸውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ልባቸው በደስታ ይዘል ነበር። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሟቸው አያውቅም።

የጀመሩት ከኦቦ ዲሪባ ነው። ኦቦ ዲሪባ የሽማግሌዎቹ መሪ ናቸው፤ ያን ጊዜም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። «እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም፣ ከኋላ ነበርኩ» አሉ። «ተረፈን ይጠይቁት።» ባለ ወፍጮው ተረፈ ደግሞ ከኋላ ነበር፤ ወንድሙ ሰምቷል ይባላል። ወንድሙም ከኋላ ነበር። አዳራሹ የፊት ወንበር የሌለው ይመስል በስብሰባው የተገኘ ሁሉ የተቀመጠው ከኋላ ነው። አንዱ ወደ አንዱ እየላካቸው ቆይተው፣ የመጨረሻው ሰው «ይህን ደህና አድርጎ የሚያውቀው ዲሪባ ነው» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ሁሉ ሕዝብ ለምን ከኋላ መቀመጥ እንደፈለገ ይጠይቅ ነበር። መምህር ግን «የዓይን ምስክር አልተገኘም» ብለው አለፉት።

መንገዱን ያገኙት በአጋጣሚ ነው። አንድ የድሮ ባልደረባቸው አርፎ ቡራዩ ለቅሶ ሄዱ። ከታክሲ ሲወርዱ አንድ ቢልቦርድ ከላያቸው ቆሟል፤ «ልማት እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቦታ ይለቀቅለታል።» ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን ኦቦ ሰንበቶ ይላል። መምህር ድንኳን ገብተው ገና «ነፍስ ይማር» ሳይሉ ኦቦ ሰንበቶ ማን እንደሆኑ ጠየቁ።

«የኛ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና» አላቸው አጠገባቸው የነበረ ሰው። «አባባላቸውን ሰበታዎች ሰረቁት።»

«ሁለታችሁም ከሱሉልታ ነው የወሰዳችሁት» አለች ከማዶ አንዲት ሴት። «ኦቦ ጉደታ ናቸው ያሉት። ቢልቦርዱ እኛ ሰፈር አለ።»

ክርክሩ ጋለ። ሟቹ የመምህር ባልደረባ ጭራሹን ተረሳ።

መምህር በማግስቱ በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታ ወጡ። ንፋሱ ባርኔጣቸውን ሊወስድ ሲታገላቸው ቢልቦርዱ ሥር ቆመው ይህንንም እንደ ሰበታውና እንደ ቡራዩው በስልካቸው ፎቶ አነሱ። የሦስቱን ከተማ ፎቶ እያፈራረቁ ሲያዩ ነው የገባቸው። ጋቢው አንድ ነው። ጭራው አንድ ነው። ጭራውን የያዘው እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር፣ አንድ ነው። የተለወጠው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ለነገሩ ኦቦ ኢቲቻን በሕይወት ዘመናቸው ጭራ ይዘው ያያቸው ሰው የለም።

ከሥር በኩል ጥግ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስልክ አለ። ደወሉ። ባለቤቱ ወንዲ የሚባል፣ ቡራዩ ባነርና የሰርግ መጥሪያ የሚያትም ወጣት ሆኖ ተገኘ። መምህር ከሱሉልታ መልሰው ቡራዩ ወረዱ።

«እሱን ዲዛይን እኔ ነኝ የሠራሁት ጋሼ» አለ ወንዲ። ማፈር ቀርቶ ደስ አለው። «ሦስቱንም። አሪፍ ነው አይደል?»

«ጥቅሱንስ ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ ነዋ። ከጽሕፈት ቤት ነን ያሉ ሰዎች መጡና የሽማግሌ ንግግር ያለበት ቢልቦርድ በቶሎ ይድረስልን አሉ። የምን ንግግር ስላቸው፣ አንተው አስብበት፣ ብቻ ልማት የሚል ይግባበት አሉኝ። የራሴን ስም ብጽፍ ማን ያነበዋል? ወንዲ እንዳለው ልበል?»

«ታዲያ የሟች ስም ይጻፋል?»

«በሕይወት ያለ ሰው ስልክ አለው ጋሼ። ይደውላል።»

«ቃሉንስ? ራስህ ፈጠርከው?» አሉት።

«እውነቱን ለመናገር የአከራዬ ነው። ሱሉልታ ወይዘሮ ማሪቱ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ነበርኩ። ከዘመድ እንግዳ እየመጣብኝ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ቦታ ይለቀቃል ብለው በሳምንቱ አስወጡኝ። ሥራው የታዘዘልኝ ያን ሰሞን ነው፤ ነገሩ ከአፌ አልጠፋም ነበር።»

«እንግዳውስ መጣ?»

«ምን እንግዳ አለ ጋሼ። ጨምሮ የሚከፍል ተከራይ ነው የገባው።»

መምህር ወንዲን ሊስሙት ቃጣቸው። የስንቱን ጥቅስ ሥር ሲቆፍሩ ኖረው እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሥር አግኝተው አያውቁም። ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያጨበጭብለት፣ ባለሥልጣን ቆሞ የሚጠቅሰው የአበው ቃል ተከራይ ማስወጫ ነበር። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እንደገና ሱሉልታ ወጥተው የወይዘሮ ማሪቱን በር አንኳኩ።

«እንግዳ ሲመጣ ቦታ ይለቀቃል የሚለውን እርስዎ ነዎት ያሉት?» አሏቸው።

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ ማሪቱ። «ኧረ እኔ ከየት አውቄ። የኦቦ ጉደታ ንግግር ነው። መንገዱ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? እኔ ተከራይ ሳስወጣ ከእሳቸው ጠቅሼ ነው የምናገረው።» ከዚያም ሐዘን ገባቸውና «ትልቅ ሰው ነበሩ» ብለው አከሉ።

መምህር እስከ ሰበታ ድረስ ታክሲ ውስጥ ብቻቸውን ሲስቁ አጠገባቸው የተቀመጠች ልጅ ቦታ ቀየረች።

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ኦቦ ባጫ ደጅ የደረሱት በማለዳ ነው። ኦቦ ዲሪባ ከፊት፣ መምህር ከኋላቸው፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከጎን። «አካም ቡልተኒ» ተባባሉ። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም፤ የመጡበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ አይቀመጥም። ኦቦ ዲሪባ ሁለት ቃል ተናግረው «መምህር የሚሉት አላቸው» ብለው ገለል አሉ።

መምህርም አሉ። ጥቅስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማስረዳት ጀመሩ። ምንጭ ስንት ዓይነት እንደሆነ ሊቀጥሉ ሲሉ ኦቦ ዲሪባ ኮታቸውን ሳብ አደረጓቸው። ያኔ ወደ ነገሩ ገቡ፤ ስለ ሦስቱ ከተማ፣ ስለ አንዱ እጅ፣ ስለ ወንዲ፣ ስለ ወይዘሮ ማሪቱ ተናገሩ። ስልካቸውንም አውጥተው ለኦቦ ባጫ ሰጡ። ኦቦ ባጫ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። መምህር የድላቸውን ቃል ይጠብቁ ነበር።

«መምህር» አሉ ኦቦ ባጫ በመጨረሻ፣ «እኔ ከኋላ አልነበርኩም። ከኢቲቻ ጎን ነበርኩ።»

ኦቦ ዲሪባ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

«ማን እንደጻፈው አላውቅም ነበር። ኢቲቻ እንዳላለው ግን አውቃለሁ። ያን ቀን ተነስቶ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሂን መላቴሲና አለ። አትፈርሙ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሳይፈርም የሄደ እሱ ብቻ ነው፤ መሬቱ ግን ከእኛው ጋር ታጠረ።»

«ታዲያ ይህን እያወቁ...» አሉ መምህር፤ አልጨረሱትም።

«እሱ ካላለ እኛ ለምን ፈረምን?» አሉ ኦቦ ባጫ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ልጆቼ መሬታችን የት አለ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ፈራሁ ልበል? ካሳው ዓይኔን ጋረደኝ ልበል? ኢቲቻ አፈ ቅቤ ነበር፣ አታለለን እላቸዋለሁ። ዲሪባም ለልጆቹ የሚላቸው ይህንኑ ነው። ሙት ይችላል፤ እኛ አንችልም።»

ኦቦ ዲሪባ አሳል ያዛቸው።

«ልጅቷን ሰጥቻለሁ» አሉ ኦቦ ባጫ። «ወዳዋለች፤ ልጁም ጥፋት የለበትም። የዛሬው ነገር ግን ከዚህ አጥር አይወጣም። ለሰው፣ ያ የተጻፈው እንደተጻፈ ነው። በተለይ አንቱ፣ መምህር፤ የአንቱን አፍ አገር ያውቀዋል። ቃል ይስጡኝ።»

ሁሉም መምህርን አዩ። ኦቦ ዲሪባ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «ልጁ ያግባ መምህር። ጥቅስ የት ይሄዳል?» አሏቸው።

እኚህ በእናታቸው አክስት ጉዳይ ሚኒባስ ያስቆሙ ሰው፣ የልጆች ግድግዳ በኖራ ያስጠፉ ሰው፣ የሞተ ባልደረባቸውን በጥቅስ ያስረሱ ሰው፣ አሁን ዙሪያቸውን አዩና ነገሩ በሁለት ልጆች ፍቅር ላይ እንዳይመጣ አሰቡ። እንዲህ ነው ለራሳቸው የነገሩት። አፈሩ ብል ደስ ባለኝ፤ አላፈሩም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ የጨዋ ሰው ሥራ የሠሩ መሰላቸውና ቃላቸውን ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጭኮ ቀረበ፤ መምህርም ሁለቴ አስጨመሩ።

ድንቅቱ ግቢዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ኦቦ ዲሪባ ከሩቅ እጃቸውን አንስተው «ተፈቅዷል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። ጎረቤቶቿ እልል አሉ። እሷ እልል አላለችም። ሴቶቹ ወደ ቤት እስኪገቡ ጠበቀችና ወደ መምህር ቀረበች።

«ስማቸውስ?» አለች።

መምህር ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «አጣራሁ ልጄ» አሉ። «አባትሽ ናቸው ያሉት። በቅን ልቦና ነው ግን ያሉት። ዘመኑ ነው የከዳቸው።» የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጧት ራሳቸውም አያውቁም።

«ሦስት ከተማ ዞሩልኝ አሉ» አለች። «እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው አልጠየቁኝም። አባቴ ያን ቀን ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ የመጡት እቤት ነው። አትፈርሙ ብያቸው ነበር፣ አልሰሙኝም ብለው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ። እኔ የማላውቀውን እንዲነግሩኝ አልለመንኩዎትም መምህር። የማውቀውን ጮክ ብለው እንዲሉልኝ ነበር።»

ኦቦ ዲሪባ ወደ መንገዱ ዞረው ቆሙ። ድንቅቱ ወደ ውስጥ ገባችና ወተት በብርጭቆ ይዛ ወጣች፤ ሽማግሌን ጉሮሮው ደርቆ መሸኘት ነውር ነው። መምህር አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ኦቦ ዲሪባ ዞር ሳይሉ ክርናቸውን ያዝ አደረጓቸው። መምህር አፋቸውን ዘጉና ወተቱን ተቀበሉ።